የግማሽ ቀን ጉብኝት በግሸን፦ ቅድመ ጥናት

መነሻ

የግማሽ ቀን ጉብኝት ሥርዓቱ በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ጎብኚው ቁርሱን በልቶ ሚኒባስ ይሳፈራል። አንድ ጥንታዊ ሕንፃ ያያል፤ አንድ የእደ ጥበብ ሱቅ ይገባል፤ በመጨረሻም ከሦስት ጠርሙስ ሦስት ጉንጭ ወይን ይቀምስና ለምሳ ሆቴሉ ይመለሳል። ከጣልያን ቶስካና እስከ ደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ሕንፃውና ወይኑ ይለያያል እንጂ ምሳው አይዛነፍም።

የዚህ ጥናት ጥያቄ አጭር ነው። ይኸው ሥርዓት በደቡብ ወሎ፣ አምባሰል፣ ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ ቢዘረጋ ምን ይሆናል? አምባው ለጉብኝት የሚያስፈልገው ሁሉ አለው። ታሪኩ የነገሥታት ነው፤ ገደሉ አፍ ያስከፍታል፤ በዙሪያው ስፌት የምትሰፋ፣ ሸማ የሚሠራ፣ ጠላ የምትጠምቅ አይጠፋም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ግማሽ ቀን ነው።

የቀደሙ ጎብኚዎች በቆይታቸው ሲመደቡ

በአንደኛው ምድብ ያሉት ዕድሜ ልካቸውን የቆዩት ናቸው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ጀምሮ፣ ዙፋን ሊመኝ ይችላል ተብሎ የተጠረጠረ የንጉሥ ልጅና ወንድም ወደ አምባው ይላክ ነበር። አገልግሎቱ መጓጓዣን፣ መኝታን፣ ቀለብንና ጥበቃን ያጠቃልላል፤ መመለሻ ግን የለውም። የአምባሰል ገዥ የሚጠራበት «ጃንጥራር» የተባለ ማዕረግ ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋውም ከዚሁ ቤት ናቸው። ትውፊቱ የአምባውን ጥበቃ ከዚህ ማዕረግ ጋር ያያይዘዋል። ከሙያ አንጻር ሲታይ የጃንጥራሩ ሥራ የዛሬው አስጎብኚ ሥራ ግልባጭ ነበር። አስጎብኚው እንግዳ በማስገባት ይመሰገናል፤ ጃንጥራሩ እንግዳ ባለማስወጣት።

ቆይታን ለማሳጠር የተደረገ ሙከራ መኖሩን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፏል። ከልዑላኑ አንዱ ቅርንጫፍ ተሸፋፍኖ፣ ቁጥቋጦ መስሎ ቁልቁል ወረደ። እርሻ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ቁጥቋጦ ሲራመድ አዩና ሄደው ያዙት። የአምባሰል ገበሬ ቁጥቋጦውን ለይቶ ያውቃል። ስለ ልዑሉ የመደበቅ ችሎታ ግን ይህ ጥናት አስተያየት አይሰጥም።

በሁለተኛው ምድብ ያሉት በአምባው እግር ሥር ያለፉት ናቸው። አልቫሬዝ ራሱ እዚህ ይመደባል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆይቶ፣ አምባውን ከታች አይቶ፣ የቀረውን ከሰው ሰምቶ ጻፈ። መጽሐፉ ሊዝበን ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1540 ነው። ደጋግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት የኢማም አህመድ ጦር አምባውን ሰብሮ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። እናም አውሮፓውያን ስለማይደፈረው አምባ በአዲስ መጽሐፍ ማንበብ ሲጀምሩ አምባው ተደፍሮ ነበር። የጉብኝት መምሪያ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ከዚህ ችግር አልተላቀቁም።

በሦስተኛው ምድብ ያሉት ጨርሶ ያልመጡት ናቸው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» ላይ የአበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበትን «የአማራ ተራራ» ጠቅሷል፤ የምድር ወገብ ሥር አድርጎታል። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ ጨርሶ ነው፤ ምክንያቱም የእናቱ የቀብር ወጪ ነበር። በጆንሰን መጽሐፍ ተራራው ሸለቆ ሆኗል። ልዑላኑም ድሎት ሰልችቷቸው ተራራ ሰርስረው ይወጣሉ። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ የአምባሰል ሰውም ተራራው ለንደን ላይ ሸለቆ መሆኑን በገዛ ቋንቋው አንብቦ ለመረዳት በቅቷል።

ከእነዚህ ሦስት ምድቦች አንድ ሕግ ይወጣል፤ ለጊዜው «የግሸን ሕግ» እንበለው። በአምባው ላይ የቆይታ ጊዜ ባጠረ ቁጥር ዘገባው ይረዝማል። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት ስለ እይታው አንድ ገጽ አልተዉልንም። በሥሩ ያለፈው ምዕራፎች ጻፈ። ያልመጣው ሙሉ ልብ ወለድ አወጣ። ሕጉን የሚፈታተን አንድ ሰው አለ፤ እሱም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ወጣትነቱን በአምባው ላይ አሳልፎ፣ ወርዶ ከነገሠ በኋላ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ብዙ መጻሕፍት ደርሷል። የጻፈው ግን ስለ ሃይማኖት ነው እንጂ ስለ መልክዐ ምድሩ ውበት አይደለም። ስለዚህ ሕጉ አልተነካም።

የጊዜ ልኬት

ግማሽ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ቀን 6 ሰዓት ላይ ያልቃል። በወረቀት ላይ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው ከመነሻው፣ ደሴ ላይ ነው።

12 ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ቆሟል፤ ሾፌሩ የለም፤ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ሾፌሩ ሲመጣ አንድ ተሳፋሪ ይጎድላል። ሲደወልለት «ደረስኩ፣ ደረስኩ፣ ፒያሳ ነኝ» ይላል። ከጀርባው የሚሰማው የውሃ ድምፅ ግን ገና ፊቱን እየታጠበ መሆኑን ያመለክታል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ረዳቱ «ሐይቅ ላይ ቁርስ አለ» ብሎ ያጽናናል።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፕሮግራሙ ላይ «አጭር ዕረፍት» ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ሐይቁ ዳር አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቋቋሙት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ስለዚህ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ወንዶቹ ገብተው ስለ ገዳሙ ጥንታዊ ወንጌል ይሰማሉ፤ ሴቶቹ ሐይቁን እያዩ ዓሣ ጥብስ ያዛሉ። ወንዶቹ ሲወጡ ሴቶቹ ገና አልበሉም፤ ሴቶቹ ሲበሉ ወንዶቹ ያዛሉ። «አጭር ዕረፍት» የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በዓሣ መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ውጫሌ ላይ አስጎብኚው በመስኮት ይጠቁማል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚህ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ ጠብ አስነሥቶ ዓድዋ ላይ ደም አፋስሷል። አስጎብኚው ይህንን ሲናገር ሾፌሩ ማርሽ ይቀይራል። ውጫሌን ለመረዳት የተመደበው ጊዜ አንድ ማርሽ ነው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ መንገድ መሆኑን ይተውና ዳገት ይሆናል። መኪና እስከሚደርስበት ይደርሳል፤ የቀረው በእግር ነው። 6 ሰዓት ሲሆን፣ ማለትም ጉብኝቱ በፕሮግራሙ መሠረት በሰላም ሲጠናቀቅ፣ ጎብኚው አንገቱን ቀና አድርጎ ገደሉን እያየ ነው። አምባው ገና አልተነካም።

ወደ ላይ የሚወጡትም አንድ ነገር ይገጥማቸዋል። አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው። በትውፊቱ መሠረት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን እዚህ ያኖረው፣ በመስቀለኛ ቦታ አስቀምጥ ተብሎ በራእይ ስለታዘዘ ነው። ይሁን እንጂ መስቀል ላይ የቆመ ሰው መስቀሉን አያይም። ምእመኑን ይህ አያስጨንቀውም፤ ተነግሮታል፣ አምኗል፣ ይሳለማል። ጎብኚው ግን «ከየት በኩል ነው የሚታየው?» ይላል። አስጎብኚው ወደ ሰማይ ያመለክታል። ይህ መልስ መንፈሳዊ ይሁን የድሮን ጥቆማ፣ በተጨማሪ ጥናት ሊጣራ ይገባል።

የእደ ጥበብ ክፍል

ፕሮግራሙ «ባለሙያዎች ሲሠሩ ማየት፤ 15 ደቂቃ» ይላል። የስፌት ሥራ እንዲህ ነው። ስንደዶው ይጠቀለላል፤ አክርማው በወስፌ እየተወጋ ይጠመጠማል፤ አለላው በተራው ይገባል፤ ዙር በዙር ላይ ይነባበራል። አንድ ደህና መሶብ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ በ15 ደቂቃ ውስጥ ጎብኚው የሚያየው አንዲት እናት ወስፌ ስትወጋና ስትመዝ ነው። ሌላው የሚያየው ለውጥ ቢኖር እናትየዋ ለእንግዳ ክብር ብላ ነጠላዋን ማስተካከሏ ነው።

ቀጥሎ ዋጋ ይጠየቃል። ጎብኚው ውድ ነው ይላል፤ ወራት የፈጀውን ሥራ በ15 ደቂቃ ያየ ሰው ሌላ ሊል አይችልም። በመጨረሻ የሚገዛው መሶቡን ሳይሆን ትንሿን ሰፌድ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስም ግድግዳ ላይ ይሰቅላታል። እህል ሊበጠርባት የተሰፋች ሰፌድ ምስማር ላይ ጡረታ ትወጣለች።

ከምእመናን ዘንድ የሚታየው የግዢ ልማድ የተለየ ነው። መቁጠሪያ፣ ጧፍና ማተብ ይገዛል፤ ጸበል በቢጫ ጄሪካን ይቀዳል። ከእነዚህ አንዱም ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ሁሉም አገልግሎት ላይ ይውላል።

የቅምሻ ክፍል

የወይን ቅምሻ የራሱ ሥርዓት አለው። ብርጭቆው ይሽከረከራል፤ ይሸተታል፤ ጥቂት ወደ አፍ ይገባል፤ ይጉመጠመጣል፤ ይተፋል። ይህ ሥርዓት አምባሰል ውስጥ ከሦስት አቅጣጫ እንቅፋት ይገጥመዋል።

አንደኛ፣ በአምባው ላይ ያለው ወይን ለቅዳሴ ከዘቢብ የሚጨመቀው ነው። እሱ ለጎብኚ አይደለም፤ ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘግቷል።

ሁለተኛ፣ በእኛ ወግ የሚቀምሰው እንግዳው ሳይሆን አስተናጋጁ ነው። አሳላፊ መጠጡን ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ የሚጠጣው መርዝ አለመኖሩን ለማሳየት ነበር። ስለዚህ እንግዳው ዋንጫ ሲሰጠው ቅምሻው አልቋል ማለት ነው፤ ከእርሱ የሚጠበቀው መጠጣት ብቻ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት ከበድ ይላል። አስጎብኚው ጠላ ወደሚጠመቅበት ቤት ጎራ ብሎ «እትዬ፣ ለእንግዶቹ ትንሽ፣ ለቅምሻ ያህል» ይላል። መልሱ ይህን ይመስላል፦ «ምን ቅምሻ ትላለህ! ሰው ቤት ገብቶ ቀምሶ ይወጣል? በሞቴ ያዙ!» ጣሳው እስከ አፉ ይሞላል። ጉንጭ ተጎንጭቶ ያስቀመጠ እንደገና ይሞላለታል፤ ጨርሶ ያስቀመጠም ይሞላለታል። ሁለቱ ባሕርያት አንድ ውጤት ስለሚሰጡ የጎብኚውን ምርጫ ለመለካት አልተቻለም። መትፋትን በተመለከተ ሙከራ አልተደረገም፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች ደህንነት ይቀድማል።

የሙስሊም ቤት የገቡ እንግዶች ደግሞ ከታመሰ ገብስ የተሠራ ቀሪቦ ይቀርብላቸዋል። ቀሪቦ አያሰክርም። ቀጥሎ ቡና ይፈላል፤ አቦል ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ቶና ይጠበቃል፤ በረካን ጥሎ መሄድ ምርቃትን ጥሎ መሄድ ነው። ወሎ ውስጥ ያለ አልኮል ግማሽ ቀን ማጥፋት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ማነጻጸሪያ ቡድን

ከመስከረም መባቻ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በየቤተ ክርስቲያኑ በር «ጉዞ ወደ ግሸን ማርያም» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። ማኅበሩ አውቶቡስ ይከራያል፤ አስተባባሪው ማይክ ይይዛል፤ መዝሙሩ ከተማው ሳያልቅ ይጀመራል። እነዚህ ተጓዦችም ይዘገያሉ፤ የእነሱም ሾፌር ነዳጅ ይፈልጋል፤ ከእነሱም መካከል «ደረስኩ» የሚል አለ። ዳገቱ ለእነሱ አያጥርም። ጋቢ ለብሰው ውጭ ያድራሉ፤ ከአገልግል ይበላሉ፤ አንዳንዱ ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቷል። ሆኖም ከእነሱ ዘንድ ስለ ሰዓት አቤቱታ አይሰማም። ግሸንን የረገጠ እንደ አርባ ቀን ሕፃን ይሆናል የሚል እምነት ይዞ የመጣ ሰው፣ ምሳ ሰዓት አለፈብኝ ብሎ ገንዘቡ እንዲመለስለት አይጠይቅም።

በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት መንገዱ፣ ምግቡ ወይም አልጋው አይደለም። አንደኛው የመጣው ደርሶ ለመመለስ ነው፤ ሁለተኛው ለመድረስ ነው።

ድምዳሜና ምክር

የግማሽ ቀን ጉብኝት በግሸን አይሠራም። ጥፋቱ የአስጎብኚው፣ የሾፌሩ ወይም የዳገቱ አይደለም። አምባው የገባ ቶሎ እንዳይወጣ ተብሎ ተመርጦ ነበር፤ የተመረጠበትን ሥራ ዛሬም በትጋት ይሠራል።

ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሐይቅ ድረስ ሄዶ፣ ዓሣውን በልቶ፣ ገዳሙን ተሳልሞ ወደ ደሴ ይመለስ፤ ምንም አልጎደለበትም። ግሸንን የሚፈልግ ግን ሁለት ቀን፣ አንድ ጋቢና አንድ በትር ያዘጋጅ። ዓመታዊው በዓል መስከረም 21 ቀን ነው፤ በዋዜማው መድረስ ይሻላል። ያ ሁሉ የማይመቸው ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ይጻፍ፤ ያልመጡት ሰዎች እስካሁን በዚህ ሥራ ተሳክቶላቸዋል።