የጠ ጣጣ

እኔ ቴክኖሎጂ አልጠላም። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። 31 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስቀጠቅጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያበላኝን መኪና በምን አንጀቴ እጠላለሁ? ዛሬም ቢሆን የመብራቱን ሒሳብ በቴሌብር እከፍላለሁ። አሜሪካ ያለው ልጄ በስልክ መስታወት ውስጥ ሆኖ "አባዬ፣ ከስተሃል እኮ" ይለኛል። ደግ ነው፤ ይበለኝ።

"ሲስተም የለም" የሚባለውንም ቢሆን ችዬዋለሁ። ድሮ ባለጉዳይ ሲጉላላ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ይባል ነበር። ኃላፊው ባይኖሩ እንኳ ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ኮቱን እያየን እንጽናና ነበር። ሲስተም ኮት እንኳ የለውም። የት እንደሄደ አይታወቅ፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅ፣ ሲመለስም የምሳ ሰዓት ሆኗል። እሺ፤ ይህም ይሁን።

የማልችለው የጠን ነገር ነው።

አንድ ጥቅምት ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጢጥ አለች። የእህቴ ልጅ ናት፤ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ጽፋ ልካዋለች። መነጽሬን አድርጌ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን አንድ በአንድ ለቀምኩት፦ "ባሌ… ቀበሌ… ማታ… መታ።"

ደሜ ቀዘቀዘ። ማንን እንደመታ አልጻፈችም። አፍራ ነው አልኩ፤ "መታኝ" ለማለት እጇ እምቢ ብሏት ነው። ነገሩ ቀበሌ መድረሱን ግን አልደበቀችም። እኔ በዕድሜዬ ፊደል ነው እንጂ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ይህ ትናንት የዳርንለት ጎረምሳ እንዴት ይደፍራል?

ለእድራችን ዳኛ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ለሻምበል ነገሯቸው። ሦስታችንም ነጭ ጋቢያችንን ለብሰን፣ ሻምበል ከዘራቸውን ይዘው፣ ከጉለሌ ገርጂ በሦስት ታክሲ ተጓዝን። መንገድ ላይ ሥራ ተከፋፈልን። ዳኛው በፈጣሪ ቃል እንዲከፍቱ፣ እኔ ስለ ዘመድ ክብር እንድናገር፣ ሻምበል ዝም ብለው ልጁ ላይ እንዲያፈጡበት።

በሩን የከፈተልን ባልየው ራሱ ነው። ፊቱን ፀሐይ በልቶታል፤ በእጁ ማር የሞላ ጀሪካን ይዟል። ለካ ሁለት ወር ሙሉ በመስክ ሥራ ባሌ ከርሞ ገና መግባቱ ኖሯል። ልጅቷም ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ጋሼ! መልእክቴ ደረሰዎት? 'ባሌ ከባሌ ማታ መጣ' ብዬ እኮ ጻፍኩልዎት!" አትለኝም!

ዳኛው የጀመሩትን የፈጣሪ ቃል ቀስ ብለው ወደ ምርቃት አዞሩት። ሻምበል ግን የታዘዘ ወታደር ናቸው፤ ትእዛዙ መሻሩን የነገራቸው ስለሌለ ሁለተኛው ቡና እስኪቀርብ ድረስ ልጁ ላይ እንዳፈጠጡ ቆዩ። ማሩን ከቀመሱ በኋላ ነው ዓይናቸው የለዘበው።

ፈረንጅ ጠ የለውም፤ አልወቅሰውም፣ አላስፈለገውም። ስለዚህ ተም ጠም በአንዲት ፊደል ይታጨቃሉ፤ "ጠፋ" ያለው ሰው "ተፋ" ተብሎ ይነበባል። ለቀ ጥንቁቆቹ ለብቻዋ ፊደል ይሰጧታል ይላሉ፤ የእህቴ ልጅ ግን ከጥንቁቆቹ ወገን አይደለችም። አናባቢውንማ እንደ ጨው በግምት ነው የሚበትኑት። ከባሌ ተነሥቶ ቀበሌ ለመድረስ አንድ ቁንጥር ይበቃል።

"ለምን በፊደላችን አትጽፊም?" ብላት፣ "ጋሼ፣ ይሄኛው ይፈጥናል" አለችኝ። ይፈጥናል! ሦስት ሽማግሌ በሦስት ታክሲ፣ ግማሽ ቀን! እኔ "መጣ"ን በጽሕፈት መኪና ጽፌ፣ ሦስት ግልባጭ አውጥቼ፣ ማኅተም አስመትቼ ብልክላት ይፈጥን ነበር።

እነዚህ ልጆች ይህን ፊደል መኪና ላይ ለመጫን ስንት ላብ እንደፈሰሰ የነገራቸው የለም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር ነው። የጽሕፈት መኪና ቁልፍ ደግሞ 50 እንኳ አይሞላም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማበጀት ሲነሡ የተጋፈጡት ይህንን ሒሳብ ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጣነው ታይፒስቶችም ፊደሉን እንደ ልብስ ስንጥፍ ኖርን፤ መጀመሪያ ገላውን መትተን፣ ቀጥሎ እግሩን ወይ ቀለበቱን መትተን። አንዳንዱ ቀለበት ከባለቤቱ ርቆ ብቻውን ተንሳፍፎ ይቀራል፤ አለቃም "ይህ ዝንብ ምንድን ነው?" ብለው ደብዳቤውን ይመልሱታል። መኪናው አልችል ስላለ ፊደሉን እንቀንሰው ያሉ ምሁራንም ነበሩ። ፊደሉ ግን ከዚያ ሁሉ መቀስ ተረፈ። እነ ዶክተር አበራ ሞላ በኮምፒውተር እንዲጻፍ ደከሙለት። በፈረንጆቹ 1999 ደግሞ ዩኒኮድ በሚሉት የዓለም ፊደላት መዝገብ 3ኛ እትም ላይ ስሙ ሰፈረ። ዛሬ ተራ የሚባለው ዘመናዊ ስልክ እንኳ አማርኛ ይጽፋል። ጠ የትም አልሄደችም፤ ኪሳቸው ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቃቸዋለች።

የልጅ ልጄ ሊያጽናናኝ፣ "አባባ አይጨነቁ፣ ወደፊት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ይጽፍልዎታል" ይለኛል።

"አማርኛውን ከማን ተምሮ?" አልኩት።

"ሰው ከጻፈው ነዋ!"

እግዚኦ! እንግዲህ ከእህቴ ልጅ ሊማር ነው። ነገ አንዲት ምስኪን ሚስት "ባሌ መጣ" ብላ በደስታ ስትጽፍለት፣ ፖሊስ የሚጠራ ማሽን ይመጣልናል። እኛ እንኳ ይዘን የሄድነው ከዘራ ብቻ ነው።

ልጁ ተሸናፊ አይደለም። የስልኬን ማይክሮፎን ከፍቶ "ይናገሩ" አለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለሚኒስትር ደብዳቤ እንደማስጻፍ ቃል በቃል፣ "ባሌ ከባሌ ማታ መጣ" አልኩ። ሚስቴ ከሳሎን ማዶ ሰምታ በእጇ አፏን ያዘች። ስልኩ ግን ሳያወላውል ጻፈው። መጣ፤ በጠ! የሥጋ ዘመዴ የነፈገችኝን ጠ ነፍስ የሌለው ዕቃ ሰጠኝ። ልጁ በድል ሲያየኝ ዝም አልኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ግን "ፀሐይ" ብዬ ፈተንኩት። በየትኞቹ ፀ እና ሐ እንደጻፈው አልናገርም፤ የመጀመሪያ ቀኑ ነውና ይቅር ብዬዋለሁ።

ትናንት ደግሞ የእህቴ ልጅ ሌላ መልእክት ላከች፤ ያው በለመደችው ፊደል። "ጋሼ፣ ምነው ጠፉ?" ይሆን፣ "ጋሼ፣ ምነው ተፉ?" አልለየሁም። ብጠፋም እውነት ነው፤ በዚህ ዘመን ላይ ብተፋም እውነት ነው። ወስጄ ለሻምበል አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና ከዘራቸውን አነሡ።

"ለማንኛውም ሄደን እናጣራ" አሉኝ። "ያ ማር አላለቀ ይሆናል።"