ጉሬዛ ይግዛ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

እዚሁ ላይ ቆም እንበል። ላሚቱ በረት የገባችው ለምንድን ነው? ተረቱ ስለ ላም አይደለም፤ ስለ በረትም አይደለም። ጥፋቷ አንድ ነው፤ ማደሪያዋ ከ«ተረት» ጋር ቤት መታ። በሬው ሜዳ ላይ ሲግጥ፣ ፍየሏ በገደል ስትዘል፣ እሷ አንዲት አያት ልጆች ሰብስባ አፏን በከፈተች ቁጥር ትታጎራለች። ስንት ዘመን! ይግባኝ ያለላትም የለም። የማወራችሁ ነገር ግን ከእሷም ይብሳል።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር ሰው ዓባይ በረሃን ሳይወርድ አያልፍም። እዚያ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ፣ አንድ ዋርካ ነበረ፤ ከሥሩም አንዲት ምንጭ። ሚያዝያ ላይ ጅረቱ ሁሉ ሲነጥፍ አውሬው ነፍሱን የሚያቆያት በዚያች ምንጭ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ዋርካው ጥላ ሥር ተኮልኩለው እንካ ስላንትያ ይጫወታሉ።

ጨዋታውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው «በምንትያ?» ይላል፤ ጠሪው አንድ ዕቃ ይሰይማል፤ «ምን አለህ በእሱ?» ሲባል ስድቡን ያወርደዋል። ዕቃውና ስድቡ ዝምድና የላቸውም። የሚያዛምዳቸው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። ይኼን ያዙልኝ።

ብዙ ጊዜ የምትጀምረው እሜቴ ጦጢት ነች።

— እንካ ስላንትያ!

— በምንትያ? ይላል አያ ጅቦ።

— በቅጠል።

— ምን አለሽ በቅጠል?

— ልቅሶ ደራሽ ጅብ አየሁ፣ ከእንባው ፊት ለሃጩ ሲንጠለጠል!

ሸለቆው በሳቅ ይናጋል። አያ ጅቦ አይቆጣም፤ ተራው ደርሷል።

— እንካ ስላንትያ!

— በምንትያ?

— በሙዳይ።

— ምን አለህ በሙዳይ?

— «ንጹሕ ነኝ» ብላ ማለች ጦጣ፣ በጉንጯ ሞልታ የገበሬ ጉዳይ!

የጦጣ ጉንጭ ከረጢት መሆኑን ማሽላ የጠበቀ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። እሷም ማሽላዋን እስክትተፋ ትስቃለች። እንዲህ ሲሰዳደቡ ውለው ሲመሽ ሁሉም ወደየጎሬው ይገባል። የጎዳም የተጎዳም አልነበረም።

ነገር የተበላሸው ጨዋታው ችሎት የገባ ዕለት ነው።

የድሮ ሰዎች በልሃ ልበልሃ ሲሟገቱ አንደበት ትልቅ ነገር ነበር። ማር ይወራረዳሉ፣ በቅሎ ይወራረዳሉ፤ ነገራቸውን በግጥም እየቋጠሩ፣ በዘንግ መሬት እየመቱ ዳኛውንም ተመልካቹንም ያስደምማሉ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ግጥም በኋላ ዋስ ጥራ፣ ምስክር ቁጠር ይባላል። የዓባይ በረሃ እንስሳት ወጉን ከሰው ወሰዱ፤ ምስክሩን ተዉት። ሕጉን ያረቀቀችው እሜቴ ጦጢት ስትሆን አንዲት መስመር ነበረች፦ «ቤት የመታ፣ ይረታ።» ሕጉ ራሱ ቤት ስለመታ ማንም አልተቃወመውም።

ዳኛ ሆነው የተመረጡት አባ ጉሬዛ ናቸው። ከትከሻቸው የሚወርደው ነጭ ጠጉር ካባ ይመስላል፤ ሲያዩዋቸው ዳኛ ናቸው። አንድ ችግር ነበረባቸው። ጉሬዛ ኑሮው ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ መሬት የሚረግጠው ከስንት አንዴ ነው። አባም የታችኛውን ዓለም የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። ለዚህ ሕግ ከእሳቸው የተሻለ ዳኛ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያዋ ከሳሽ ከደጀን ገበያ ጭነቷን ጥላ የኮበለለች አህያ ነች።

«ጌታዬ፣ አያ ጅቦ ውርንጭላዬን በላብኝ» አለች።

«ከዚያስ?» አሉ አባ ጉሬዛ ከላይ።

«ከዚያማ ምን አለ? በላብኝ።»

«ልጄ፣ ይኼ ቤት አልመታም።»

አህያዋ ጭንቅ ሲላት አናፋች። ማናፋቷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቤት የሚያልቅ ነበር፤ ሆኖም አንዱን ቃል ደጋግሞ ቤት መታሁ ማለት ነውር ነው ተብሎ ውድቅ ተደረገ። በዚህ እንኳ ችሎቱ ልክ ነበር። አያ ጅቦ ቀጠለ፤ አፉን ጠራርጎ ቆመ፦

«ሌሊቱን ቤቴ ነበርሁ፣ ከልጆቼ ጋራ፤
ውርንጭላዋን የበላው፣ ያ ነው ተራራ!»

አባ ጉሬዛ ቅርንጫፉ ላይ ተወዛወዙ። «ጋራ» እና «ተራራ»! ቤት መምታቱ ሳያንስ፣ ጋራም እኮ ተራራ ነው! እንዲህ ያለ ቅኔ ሰምተው አያውቁም። አያ ጅቦ በነፃ ተሰናበተ። ተራራው አንድ ጉንዶ ማር እንዲክስ፣ ፊት ለፊት ቆሞ እየታየ በሌለበት ተፈረደበት።

ሳቅ መጣባችሁ? እኔም ስቄ ነበር፤ ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1966 ዓ.ም. «ትቅደም» ከ«ደም» ጋር ቤት መትቶ፣ መፈክር ሆኖ አደባባይ ወጥቶ ነበር፤ መካከል ላይ «ያለ» የምትል ትንሽ ቃል ነበረች። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። «ያለ» ቦታ ቀየረች እንጂ አልጠፋችም። ቤቱም እስከ ዛሬ ለጆሮ ያምራል።

ወደ ዋርካው እንመለስ። ሹመት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ጉሬዛ ይግዛ» ተባለ፤ ገዙ። «ጦጣ ሕግ ታውጣ» ተባለ፤ አወጣች። ከመንደር ሸሽታ የመጣች አንዲት ድመት የረባ ነገር ሳትሠራ «ለድመት ሹመት» ተብሎ የአይጦች የበላይ ጠባቂ ሆነች። የአይጦቹን አስተያየት የጠየቀ የለም። «ለጃርት ምርት» ሲባል፣ ዓመቱን ሙሉ ድንች ሲቆፍር የሚባረረው ጃርት ባለርስት ሆኖ አደረ። ጥንቸል አቤቱታ ይዛ ብትመጣ «ጥንቸልን ቸል» የሚል ውሳኔ ቀድሟት ጠበቃት። ዝሆን በዚያ በረሃ ስለሌለ ነው እንጂ፣ ያለውን ሁሉ «ይሁን» ይሉት ነበር።

ስሙ የማይመቸው እሜቴ ጦጢት ዘንድ ይሄዳል። አንድ እፍኝ ማሽላ ከፍሎ አንድ ቤት ይዞ ይወጣል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመልሳል። የቤት ኪራይ ይሉት ነበር። ነብር ስሙ ከ«መቃብር» ተነሥቶ ከ«ክብር» ጋር እንዲውል ሁለት አጥንት ከፍሏል ይባላል።

ያቺ አህያስ? የእሷ ነገር ያሳዝናል። «አህያ ለገበያ» ተባለች። መንገዱ አስፈሪ ነው ብትል «ጅብ ያጅብ» ተባለላት። በቃ፣ ታጅባ ሄደች። በሦስተኛው ቀን አያ ጅቦ ብቻውን ተመለሰ።

«አደረስካት?» አሉት አባ ጉሬዛ።

«በሰላም ሸኘኋት፣ ጌታዬ። መቼም አልረሳትም» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። «እስካሁን ሆዴ ውስጥ ናት።»

ችሎቱ በሙሉ አለቀሰ።

በዚያው ወር ምንጯ እየቀጠነች መጣች። እሜቴ ጦጢት አዲስ ደንብ አወጣች፤ ቤት ያለው ብቻ ይጠጣ። ተሰላፊው ስሙን ይናገራል፣ ቤቱን ያስመዘግባል፣ ይጠጣል። በሰልፉ መጨረሻ፣ አራት ቀን ተጉዛ፣ ኤሊ ደረሰች።

«ስም?»

«ኤሊ።»

እሜቴ ጦጢት አሰበች። ከጓዳዋ ያለውን ቤት ሁሉ ገለባበጠች። በቋንቋችን «ሊ» ብሎ የሚያበቃ ቃል መፈለግ መከራ ነው፤ «ል» እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀልጦ «ይ» ይሆናል። የከፈለ ከፋሊ አይባልም፣ ከፋይ ነው። የገደለ ገዳይ፣ የተቀበለ ተቀባይ። አንድ «ከሃሊ» ብቻ ተገኘ፤ እሱ ደግሞ የእግዚአብሔር ነው፣ ለኤሊ አይከራይም።

«ቤት የለሽም» አለቻት።

ኤሊ መጀመሪያ የተባለው አልገባትም። ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ኋላ አዞረችና ጀርባዋን አየችው። አለ።

«ይኸው እኮ ነው» አለች። «ከተወለድሁ ጀምሮ ተሸክሜው ነው የምዞረው። ደግሞ ከእናንተ መካከል ከእኔ ሌላ ቤት ያለው ማን ነው?»

ሰልፈኛው እየተንከባለለ ሳቀ። ጃርት ከሳቁ ብዛት ሁለት እሾህ ጣለ። ኤሊ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች፤ መጠበቅ ለእሷ ብርቅ አይደለም። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፉ፣ አንዲት ነገር ብቻ ተናገረች።

«ውኃ ለድሃ።»

ሸለቆው ጸጥ አለ። ቤት መትቷል! እንዴት እስከ ዛሬ ማንም ሳያስበው ቀረ? ወረፋው ጫፍ ላይ የቆሙት ቆቆች አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጉ። አባ ጉሬዛም አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እሜቴ ጦጢት ዋርካው ላይ በአንድ ዝላይ ወጥታ ጆሯቸው ሥር ደረሰች።

«ጌታዬ፣ እንዳይሳሳቱ። የውኃ «ኃ» ብዙኃኑ ነው፤ የድሃ «ሃ» ግን ሃሌታው ነው። ለጆሮ አንድ ቢመስሉም ቤታቸው ለየቅል ነው።»

ዕድሜውን በሙሉ በጆሮ ሲፈርድ የኖረ ችሎት፣ በዚያች ዕለት ፊደል ቆጠረ። ኤሊ ውኃ ሳትቀምስ ተባረረች፤ ወደ ታች መንገድ ስላልነበረ ዳገቱን ወደ ላይ ተያያዘችው።

ቆላው ሲደርቅ ደጋው ላይ ዝናብ ይጥላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከጎጃም ደጋ የተነሣ ደራሽ ውኃ ሸለቆውን ሞልቶ ሲወርድ ያየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ኤሊ ከዳገቱ መካከል አንዲት ድንጋይ ላይ ተደግፋ ስታርፍ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ ቀና ስትል ከላይኛው እጥፋት ቡናማ ነገር እየተንከባለለ መጣ።

«ጎርፍ መጣ!» ብላ ጮኸች።

«ምን አለች?» አሉ አባ ጉሬዛ።

«ጎርፍ አለች፣ ጌታዬ። ቤት አላበጀችለትም።»

«እስቲ አብጁለት።»

«ጎርፍ…» አለች እሜቴ ጦጢት፤ ጉንጯን አሻሸች፤ ፊቷ በራ። «ለጎርፍ ትርፍ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከተጠሙት አንዳንዶቹ እየዘፈኑ ወደ ውኃው መምጫ ሮጡ። በእርግጥም ትርፍ ሆነ፤ የተረፈ ተረፈ።

ሲመሽ ጎርፉ ጎደለ። አባ ጉሬዛ ቅርንጫፋቸው ላይ ሆነው ጆሯቸውን አቆሙ። ምንም የለም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንካ ስላንትያ!» አሉ። «በምንትያ?» የሚል ጠፋ። ሁለተኛ ጠሩ፤ የሚያንጠባጥብ ቅጠል ብቻ መለሰላቸው።

በዚህ ጊዜ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ግንዱን እያቀፉ፣ ወደ መሬት ወረዱ። ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ዋጣቸው። ጎርፉ የአያ ጅቦን ዋሻ በጎን በኩል ገምሶት፣ ለስንት ጊዜ ተሸሽጎ የኖረውን ሁሉ አውጥቶ ደጁ ላይ ዘርግቶታል። አባ ጎንበስ ብለው አዩ። ከትልልቁ አጥንት መካከል አራት ትንንሽ ሰኮናዎች ነበሩ፤ ገና ድንጋይ ያልበላቸው፣ ለስላሳ።

ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ ቀና አሉ። ፊት ለፊታቸው ተራራው እንደ ወትሮው ቆሟል፤ አንድ ጉንዶ ማር ዕዳ እንዳለበት።