ዜሮ አሳዋቂው ዶክተር

ክሊኒክ ስለመዝጋት ሲወራ «ታፔላ ማውረድ አይደለም እንዴ?» ያልኩት እኔ ነኝ። አወረድኩትም። «ተሽሎኛል» ብሎ የአሥር ቀን መድኃኒት በሦስተኛው ቀን የሚያቋርጠውን ታካሚ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ! እኔው ግን ካሽ ሬጅስተሩን ነቅዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩና፣ ንግድ ፈቃዱንም የብቃት ማረጋገጫውንም ሳልመልስ ቤቴ ገባሁ። ለካ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት በግብር ሰዎች ዘንድ መነበብ ነበረበት፤ ፈቃዱ እስካልተመለሰም ክሊኒኩ መዝገብ ላይ በሕይወት አለ። ሞት አረጋግጦ መፈረም ሙያው ለሆነ ሰው ይህ ያሳፍራል።

የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ደግሞ ባሰ። ሰው ቤቱ ክኒን ሲያጠራቅም እገሥጻለሁ፤ የእኔው ግን «ለአቅመ ደካማ ይሆናል» እያልኩ የደበቅኩት ናሙና ከፊሉ ጊዜው አልፎበታል። መጣል አይቻልም። ስሙ፣ የባች ቁጥሩ፣ ብዛቱ ተዘርዝሮ፣ ተቆጣጣሪ ባለበት ነው የሚወገደው። የመጣችው ተቆጣጣሪ በዕድሜ ልጄ ናት። ጓንቷን አጥልቃ አንድ በአንድ ስታወጣ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

ዳያዜፓም ላይ ስትደርስ ቆመች። መዝገቡና ሳጥኑ አልተገናኙም፤ ሁለት አምፑል ጎድሏል።

«የሚጥል በሽታ ለተነሳበት ሰው ሰጥቻለሁ፤ ካርዱ ላይ አለ» አልኩ ኮራ ብዬ።

ካርዱ መጣ። አገላብጣ አየችውና «ዶክተር፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አለች።

መነጽር ቀየርኩ፣ መስኮት ዳር ወሰድኩት። የገዛ እጄን ጽሑፍ! በመጨረሻ ያነበበችው የክሊኒኩ ሲስተር ናት፤ ስታነብልኝ የኖረችው እሷ መሆኗን እስከዚያች ሰዓት ልብ አላልኩም።

ይህችው ሲስተር፣ ለሠራተኞቹ መሸኛ ድፎ ዳቦና የምስጋና ወረቀት ማሰናዳቴን ስነግራት፣ «እግዜር ይስጥልን ዶክተር» አለችና አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከቦርሳዋ አወጣች። ድርጅት ሲዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች። ድፎው ተበላ፣ ክፍያውም ተከፈለ፤ የምስጋና ወረቀቱን ማን እንደወሰደው አላየሁም።

አሁን የግብር ክሊራንስ እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያው ገቢ ባይኖርም «ዜሮ» ብሎ ማሳወቅ አለ፤ ወር ሲያልቅ እየደወለች የምታስታውሰኝ እሷው ናት።