ስለ ቂም አቋጣጠር

አማርኛ ለሰዎች አለመስማማት ያዘጋጃቸው ቃላት በዕድሜ የተደለደሉ ናቸው፤ ጠብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጭሮ ሊበርድ የሚችል ነው፤ ኩርፊያ ፊት በማዞር የሚገለጽና አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ስኒ ቡና የሚረታ ነው፤ ቂም ደግሞ ባለቤቱ ሆን ብሎ የሚያኖረው ቅሬታ ነው። ቂም ከግእዝ የመጣ ቃል ሲሆን ቅያሜና ተቀየመ የሚሉትም የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ከምንጩ ይልቅ የሚደንቀው ግን ግሡ ነው፤ ቂም ይቋጠራል፤ ይኸውም እናቶች ሳንቲምን በነጠላ ጫፍ እንደሚቋጥሩት፣ አንድ ቀን ተፈትቶ ወጪ እንደሚሆን ታስቦ ነው።

የቂም ከፍተኛው ማዕረግ ደም ይባላል። ይህም በነፍስ መጥፋት ምክንያት በሁለት ወገኖች መካከል የሚቆይና ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጠላትነት ሲሆን፣ የሟች ዘመድ ሲበቀል ደሙን መለሰ ይባልለታል። ጣልያኖች ቬንዴታ፣ ማለትም በቀል፣ ሲሉት አልባኒያውያን ደም መውሰድ ብለው ሰይመውታል፤ አማርኛ ግን እንደ ተበደረ ጨዋ ጎረቤት የሚመልስ እንጂ የሚወስድ አለመሆኑ ልብ ይሏል። በወሎ አባጋር የሚባሉ የአገር ሽማግሌዎች ይህን ደም በማስታረቅ ይታወቃሉ።

በአዲስ አበባ ግን፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ኮንዶሚኒየሞች ደም የሚያቃባ የእርሻ ድንበር ባለመኖሩ፣ ቂም አዲስ መሬት መፈለግ ነበረበትና ደረጃውን፣ መኪና ማቆሚያውንና ከሁሉ በላይ ሮቶውን፣ ማለትም የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ አገኘ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአንዱ ሮቶ መሙላት የሌላው ባዶ መቅረት ነውና፣ በሌሊት ዲናሞ ያስነሳ ሰው ጠዋት ምንም ባያውቅም ቂም ተቋጥሮበት ያድራል። የላይኛው ፎቅ ሲወቅጥ የታችኛው ይቆጥራል።

ሕጉ ይህን ሁሉ አስቦበታል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶችን በማኅበር ያደራጃል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 ከጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስን፣ መጥፎ ሽታንና ጩኸትን ይከለክላል። ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት የካሣ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ይርጋ ማለት መብትን ሳይጠይቁ በመቆየት ማጣት ነው። ቂም ይርጋ የለውም፤ ሁለት ዓመት የሞላው ቂም ገና ጥርስ ማብቀሉ ነው።

ባለአራት ፎቅ ብሎኮች አሳንሰር የላቸውምና ባለቂሞች በደረጃው ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። የእግዜር ሰላምታ የሌላቸው ሁለት ጎረቤቶች አንዱ ወደ ግድግዳው ፊቱን አዙሮ ሲወጣ ሌላው ስልክ የተደወለለት መስሎ ይወርዳል፤ ይህ ሥርዓት በየትኛውም መተዳደሪያ ደንብ ሳይጻፍ በጥብቅ ይከበራል።

ይህን ሥርዓት የሚሽረው ዕድር ብቻ ነው። ከብሎኩ ሰው ሲሞት ለዓመታት ያልተነጋገሩት ሁለቱ ድንኳኑን በሁለት ጫፍ ይዘው ሲተክሉ ይታያሉ፤ ከቀብር መቅረት ያስቀጣልና። ሽማግሌ የለመናቸው ሳይታረቁ ቅጣት የፈሩት እንዲህ «ወዲህ ሳበው» እስከመባባል ከደረሱ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ ካሉ አስታራቂዎች ሁሉ የተዋጣለት ስም ጠሪው የዕድር ጸሐፊ ነው።