ውሃ ወቅጠህ እየው!

«ዋና ደግሞ ምን ያማል? ውሃ እኮ ነው!» አለ አሉ አንዱ፣ ቆቦ ገበያ ዳር ጥላ ይዞ ተቀምጦ። ስሙልኝ ሰዎች! ሐምሌ ላይ ጎሊና ወንዝ ሲሞላ ማዶ ቆሞ «እስኪጎድል እንጠብቅ» የሚል ሰው ውሃ አያምም ይለናል። ካላመመ ምን አስጠበቀህ? ስለ ዋና አውርተህ ዋናውን ሳትክ!

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብለህ ተረትክ። እሺ፣ ውቀጠው! ውሃ ከአየር ወደ 800 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ዋናተኛ ጠዋት ማታ የሚወቅጠው እሱን ነው። ሙቀጫው ገንዳ፣ ዘነዘናው ክንድ። አንተ ገንዳ ሲባል የሚታይህ በሬ ሲጠጣ ነው።

ሯጭ ሲያቃጥለው አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ዋናተኛ ፊቱ ውሃ ውስጥ ነው፣ የት ያለክልክ? አንተ ቦኖ ላይ ለውሃ ትሰለፋለህ፤ እሱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ለአየር ይሰለፋል። ጡንቻው «አየር!» ሲል «ተራህ አልደረሰም» ይባላል።

«እኛ ራያዎች ስንፈጠርም ህመም አናውቅም» አልክ? ጀግንነትህን ማን ነካው! ግን ይህን ስማ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1981 በወጣ ጥናት ስኮት እና ጊጅስበርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ስኮትላንድ ውስጥ የብሔራዊ ቡድን ዋናተኞችን፣ የክለብ ዋናተኞችንና በዋና የማይወዳደሩ ሰዎችን ሰበሰቡ። ክንዳቸውን በደም ግፊት መለኪያ ጥፍር አድርገው አስረው «ጨብጡ፣ ፍቱ» አሏቸው። «አመመኝ» ያሉበት ተቀራራቢ ነው። «በቃኝ» ያሉበት ግን ለየቅል፦ የማይወዳደሩት በአማካይ 70 ጭብጥ፣ የክለቦቹ 89፣ የብሔራዊ ቡድኖቹ 132! ጉድ ልጨምርልህ፦ እነዚያው ጀግኖች ልምምድ ሲከር ህመም የመቻል አቅማቸው ወጣ፣ ከእረፍት ሲመለሱ ወረደ። መቻል ከእናት ሆድ ይዘነው የወጣነው ከሆነ በእረፍት ወር የት ይሄዳል? መቻል የክለብ ስም ብቻ መሰለህ እንዴ!

ዋናተኛው ሮቤል ኪሮስ ላይም ሳቅህ። ሪዮ ኦሎምፒክ 2016፣ 100 ሜትር፣ 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95፤ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩና «እንዴት ተመረጠ?» ካልክ ጥያቄህ ጥያቄ ነው፤ ጠይቅ። ሳቅህ ግን ገንዳ አይቆፍርም። ቆቦ ላይ 50 ሜትር ገንዳ አሳየኝ፣ ልብሴን አውልቄ ቀድሜህ እገባለሁ!

«ትከሻውን ካመመውም ይቻለው!» አልክ? ቁም እዚህ ጋ! ጡንቻ ሲያቃጥል መቻል ሌላ፣ ትከሻ ሲወጋ መቻል ሌላ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 በወጣ ጥናት ከ80 ምርጥ ወጣት ዋናተኞች 73ቱ ትከሻችንን ያመናል ብለዋል፤ በሳምንት ከ15 ሰዓት በላይ የሚለማመዱት ላይ የጅማት ጉዳቱ ይብሳል። ወሎዬ ሆነህ ትከሻ ትንቃለህ? እስክስታ ወራጅ እንኳ ሲወጋው ይቀመጣል! ዋናተኛም ሲወጋው ለአሰልጣኙ ይናገር፤ አሰልጣኙም ይስማው።

አባቶችህ ከደጋው የወረደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሽላ አበቀሉ። አንተ ወሬ ጠልፈህ ምን አበቀልክ? አብሽር፣ ክንድህን አምጣ፣ እናስርልህ። ጨብጥ፣ ፍታ። 70 ስትደርስ ጥራኝ፤ ጥላህ ሥር ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ።