ሳያዩ የጠገቡ

የአማርኛ ፊልም የማያይ ሰው ለመለየት አያስቸግርም፤ ራሱ ይነግራችኋል። ስለ ፊልም ማንም ሳያነሳ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «እኔ እንኳ የአማርኛ ፊልም አላይም» ይላል። አነጋገሩ በሁዳዴ ክትፎ የቀረበለት ጿሚ ይመስላል። ይሄኔ ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ደንገጥ ብሎ «እኔም! እኔም!» ይላል። ትናንት ማታ ዩቲዩብ ላይ ተጥዳ ስታለቅስ ያመሸችውም «እኔም» ትላለች፤ ዐይኗን ያሳበጠው ጉንፋን ነው።

እኔ ይህን ወገን ከልቤ አደንቀዋለሁ። ድሮ የሠለጠነ ሰው ለመባል ፈረንሳይኛ መማር፣ ቢያንስ ፒያኖ ያለበት ቤት መግባት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንዲት «አላይም» ትበቃለች።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ስላላየው ነገር ያለው ዕውቀት ነው። «ለምንድን ነው የማታየው?» በሉት እስቲ። «ታሪኩ ያው ነው» ብሎ ይጀምርላችኋል። ልጅቷ የሀብታም፣ ልጁ የደሃ። መኪናዋ ግቢ በር ላይ ትቆማለች፤ ክላክስ ታደርጋለች፤ ዘበኛው ጋቢውን እየሰበሰበ ይሮጣል፤ በሩ ይከፈታል፤ መኪናው ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ትወርዳለች፤ ደረጃውን ትወጣለች፤ ሳሎን ገብታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ትወረውራለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ዘፈን ከነአዝማቹ ያልቃል። ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ያስቁናል፤ የሚያስቁን ከገጠር በመምጣታቸው ነው። ወደ መጨረሻው አንድ ሰው መኪና ይገጨዋል፤ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ራሱን ይነቀንቃል። ፖስተሩ ላይ «የቤተሰብ ሮማንቲክ ኮሜዲ» ተብሎ ተጽፏል።

አንዲት አልሳተም። ይህን ያህል ለማወቅ ስንት ፊልም አለማየት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ባህሉ ደግሞ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ ሲገባ፣ የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ነበር ያለው። የዚያን ጊዜ ሰው አላይም ያለው ለነፍሱ ፈርቶ ነው። የዛሬው የሚፈራው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሥራ ባልደረባው እንዳያየው ነው።

ታዲያ ወዳጃችን ማታ ማታ ምን ያያል? እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ብቅ ብሎ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማናገር ሲጀምር፣ ይህ የአማርኛ ፊልም የማይዋጥለት ሰው እራቱን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀረበ። እዚያም ልጅቷ የሀብታም ናት፣ ልጁ የደሃ። ግቢ አለ፣ በር ይከፈታል፣ መኪና ይገባል። የእኛዋ ደረጃ ስትወጣ «ጊዜ መግደል» ነው፤ የቱርኳ ስትወጣ ግን «አየህ፣ ስሜቷን እያሳየች ነው!» ይባላል። እንዲያውም የቱርኳ ሳሎን የምትደርሰው በሚቀጥለው ክፍል ነው፤ እሱም ለዚያ ሲል ቀጠሮውን ይሰርዛል። የምትናገረው አማርኛ እዚሁ አዲስ አበባ የተቀዳ፣ ተናጋሪዋም የሰፈራችን ልጅ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ወዳጃችን ከአማርኛው ጋር ጠብ የለውም፤ አማርኛው ከኢስታንቡል ፊት ይውጣለት እንጂ።

መርካቶ ሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም እያየ ያደገውን ታላቅ ወንድሙን አልነካውም። አንድ ሰው ሃያ ሰው ደብድቦ ጸጉሩ ሳይበተን ሲዘፍን አጨብጭቦ፣ ዛሬ «የኛዎቹ እኮ ተዓማኒነት ይጎድላቸዋል» የሚል ነው።

«ጥሩ ቢሠሩማ አይ ነበር» የምትለው መከራከሪያም አለች። እሺ፣ ጥሩ እንስጠው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. ገበሬውንና ባለርስቱን በጥቁርና ነጭ የቀረጹበትን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሉት። «ያ አዝጋሚው?» ይላል፤ የቱርኳን ደረጃ ለሁለት ሌሊት የጠበቀ ሰው! «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ሲሸለም የአድናቆት ንግግሩን ዕለቱን አሰማ፤ ፊልሙን ለማየት ግን እስካሁን አልተመቸውም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። እናቱ የሞተችበት ልጅ በጉን ለበዓል እንዳያርዱበት ይሟገታል፤ ወጥ ቤት ገብቶ ምግብ ሲሠራ ደግሞ ወንድ አይደለህም ተብሎ ይገሠጻል። ወዳጃችን ታሪኩን ሰምቶ፣ «በግ ለበዓል ይታረዳል፤ ይሄ ምኑ ፊልም ነው?» አለ። «ድፍረት»ን ግን አይቷል፤ አንጀሊና ጆሊ አለችበት ሲባል ሰምቶ። ሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲዩሰር መሆኗን የነገረው ስላልነበር እስክትመጣ ሲጠብቅ ፊልሙ አለቀበት።

ባሕር ማዶ ያሉትም አያሙን። ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሳንኮፋ የሚባለውን የፕሮፌሰር ኃይሌን የመጻሕፍትና የፊልም ቤት አልፈው ሲልቨር ስፕሪንግ ለክትፎ የሚገሰግሱ፣ መንገዱን በሙሉ «የኢትዮጵያ ሲኒማ ለምን አላደገም?» እያሉ የሚያዝኑ ወገኖች አሉ። መኪና ማቆሚያ ቢያገኙ እኮ ይገቡ ነበር።

በዚህ መካከል የተጠቀመው ፕሮዲዩሰሩ ነው። መራጩ ተመልካች ሳይመርጥ አዳራሹን ለቅቆለታል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ንቆ ጥሩ ለመሥራት የሚወጣውን ወጪ ከንቱ አድርጎለታል። ስለዚህ የፊተኛውን ቪላ ተከራይቶ፣ የፊተኛውን ዘበኛ ጠርቶ፣ ክላክሱን ያስነፋል። ወዳጃችንም «አላልኳችሁም?» ይላል።

ምርቃት ላይ ግን አይቀርም። የጥሪ ካርድ ከደረሰው ሱፉን ግጥም አድርጎ ቀይ ምንጣፉ ላይ ይገኛል፤ ከመሪ ተዋናይቷ ጋር ፎቶ ይነሣል፤ ካሜራ ሲቀርብለት «የኢትዮጵያ ፊልም ትልቅ ደረጃ ላይ ደርሷል» ብሎ አስተያየት ይሰጣል። ከዚያ መብራቱ ሊጠፋ ሲል በጎን በር ሹልክ። መርሁን ማፍረስ አይወድም።