ለሐይቅና ለአምባሰል የፈጠራ ሰዎች ስለ ፒን የተሰጠ ምክር

አንተ፣ ሐይቁ ዳር ያለውን ጓሮ የሚያጠጣው ፓምፕ በራሱ እንዲነሳና እንዲጠፋ አደርጋለሁ ብለህ የተነሳህ ወጣት፣ ሐሳብህ ይባረክ። አርዱዊኖ ገዝተሃል፤ የአፈር እርጥበት መለኪያ ገዝተሃል፤ ጎረቤትም ሰምቷል፣ ወደኋላ ማለት የለም። የረሳኸው ከሁሉ የረከሰውን ዕቃ ነው፤ ሥራህ የሚቆመውም በእሱ ነው። ፒኑን ማለቴ ነው።

ሐይቅ ከተማ ሱቅ ገብተህ «ፒን አላችሁ?» እንዳትል። «ቀጭኑ ነው ወፍራሙ?» ብለው የኖኪያ ቻርጀር ያወጡልሃል። አንተ የምትፈልገው በጥቁር ፕላስቲክ ላይ 40 ሆነው የተደረደሩትን ነው፤ ከአንዱ መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል 2.54 ሚሊሜትር፣ ማለትም የኢንች አንድ አሥረኛ። ደሴ ወጥተህ ካጣህ መርካቶ ለሚወርድ ዘመድ አደራ በል። ዘመድ ከሌለህ የሞተ ዴስክቶፕ ፈልግ፤ ከማብሪያው ቁልፍና ከፊቱ መብራቶች ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሽቦዎች ጫፋቸው ለዚሁ ፒን የተሠራ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ግን እስኪሞት ጠብቀው።

ጀማሪ ሁሉ ጫፉ የወጣውን ወንዴ ፒን ብቻ ያከማቻል። ሴት የማይገባበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ለገዳሙ ያምርበታል፣ ለዕቃ ሣጥንህ ግን አይሆንም። ባለ ቀዳዳዋን ሴቴም ግዛ። ወንዴው በሁለት ጣት ቀጭ ይላል፤ ሴቴዋ እንዲህ አትሰበርም። ስድስት ቀዳዳ ካስፈለገህ ሰባተኛውን መሥዋዕት አድርገህ እሱ ላይ ቁረጥ። ሰባተኛውን ሳስቶ ከስድስተኛው ጥግ የሚቆርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ይዞ ይቀራል።

ብዙ ሞጁል ፒኑ ሳይበየድ፣ ለብቻው በላስቲክ ተደርጎ ይመጣል። ቀዳዳው ውስጥ ከትተህ «ይዟል» አትበል። የሚይዘው ጎረቤት ለምርቃቱ እስኪሰበሰብ ብቻ ነው። ስትበይድም የፒኑን ዘለላ አስቀድመህ ብሬድቦርድ ላይ ሰካውና ሞጁሉን በላዩ አስቀምጥ፣ ቀጥ ብሎ ይቆምልሃል። መብራት ሳይሄድ ጨርስ።

አሁን ወደ ታሪክ ልውሰድህ። አርዱዊኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር፣ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ የተወለደ ነው። ኡኖ የሚባለውን ሰሌዳ ቀረብ አድርገህ እይ። ከ0 እስከ 7 ያለው ረድፍ ልክ ነው፤ ከ8 ጀምሮ ያለውም ልክ ነው፤ በ7 እና በ8 መካከል ያለው ክፍተት ግን 4.06 ሚሊሜትር ነው። የንድፍ ስህተት ነበር፤ በላዩ የሚሰኩ ሰሌዳዎች አስቀድመው ተሠርተው ስለነበር እንዳለ ተተወ። ስለዚህ ሁለቱን ረድፎች በአንድ ቀጥ ያለ ዘለላ ላያይዝ ብለህ አትድከም። ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስትሄድ መንገድህ ላይ ውጫሌ አለች፤ በ1881 ዓ.ም. እዚያ ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል ሁለት ቅጂው እንዴት እንዳልገጠመ የአምባሰል ልጅ ከእኔ በላይ ያውቃል። የጣሊያን ነገር ሁለቱንም ወገን ሳይለኩ አይገባበትም።

ሌላው የፒን ጠባይ እሺ ባይነቱ ነው። ገልብጠህ ብትሰካውም አይቃወምህም፤ የሚቃወምህ ከመለኪያው የሚወጣው ጭስ ነው። ከሁለት ነጋዴ የተገዛ አንድ ዓይነት መለኪያ እንኳ የፕላስና የማይነስ ቦታው ሊለያይ ይችላል። ሰው ሲያልፍ የሚያውቀው ሴንሰር ደግሞ ብሶበት የፒኖቹን ስም ነጩ ቆብ ሥር ደብቆ ይዟል። ቆቡን ንቀል፣ አንብብ፣ ከዚያ ከእህትህ ጥፍር ቀለም ተበድረህ የፕላሱን ጫፍ ቀባ። ሽቦው ቀይ ስለሆነ ፕላስ ነው ብለህ አትመን፤ ቀይ ያደረገው ፋብሪካው ነው፣ የሰካኸው አንተ።

የሚቀጥለው ቀልድ የለበትም። የፓምፑን 220 ቮልት በእነዚህ ቀጫጭን ሽቦዎችና ፒኖች አታሳልፍ። ፒን ለምልክትና ለትንሽ ኃይል ነው። የፓምፑ መስመር በሪሌይ በኩል፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣና በወፍራም ሽቦ ይሂድ፤ ውሃ ከማይደርስበት ሣጥን ውስጥም ይግባ። ይህን ክፍል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተህ አሠራ።

ደሴ ስትወጣም ለእኔ ባለ 40ውን ሁለት ዘለላ፣ አንድ ወንዴ አንድ ሴቴ፣ ያዝልኝ። ሒሳቡን ስትመጣ እሰጥሃለሁ።